ሁለት ቫን፣ አንድ ወገብ

ቁመቴ 1 ሜትር ከ96 ነው፤ በዚህ አገር አለካክ 6 ጫማ ከ5 ኢንች። ሰፈር ውስጥ «ሎንጋው» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ታክሲ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ፣ ጉልበቴን የፊተኛው ወንበር ላይ ተክዬ መሄድ ከልጅነቴ የለመድኩት ስለሆነ፣ ሥራ ላይ ማጎንበስም ከቁመቴ ጋር አብሮ የተሰጠኝ ዕዳ ይመስለኝ ነበር። ሙያዬ ቧንቧ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው፤ ሥራው ግን ዲሲም ሰሜን ቨርጂኒያም ያደርሰኛል። ስምንት ዓመት ሰው ጋ ተቀጥሬ ሠርቼ፣ ፈቃዴን አውጥቼ ብቻዬን ስወጣ ትልቁ ወጪዬ ቫን ነበር። የመጀመሪያውን በሁለት ቀን ገዛሁ። ሁለተኛውን አምስት ወር ፈጅቼ።

ወደዚህ ሙያ የገቡ የማውቃቸው ልጆች እየደወሉ «የትኛውን ልግዛ?» ይሉኛል። በስልክ ጀምሬ መጨረስ ስለማልችል ልጻፈው አልኩ፤ በተለይ ረጅም ለሆናችሁት። አጭሮቹ (ይቅርታ፣ መካከለኛ ቁመት ያላችሁ ማለቴ ነው) የሞተሩንና የዋጋውን ነገር አንብባችሁ ሌላውን ብታልፉት ቅር አይለኝም።

የመጀመሪያው በ2018 ነው። አንድ ሻጭ ግቢ ውስጥ ነጭ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ የድሮ ቅርጽ ቫን 9,500 ዶላር ተለጥፎበት አየሁ። መደርደሪያ ተገጥሞለታል፣ ማይሉ 88,000 ነው፣ ጎማው አዲስ ነው። ከወለሉ እስከ ጣሪያው 1 ሜትር ከ35 ገደማ ብቻ መሆኑን አላጣሁትም፤ «ምን አለበት፣ ስንት ዓመት እንዲህ ስሠራ ኖሬ የለ?» አልኩ። ልዩነቱ የገባኝ በኋላ ነው። ተቀጥሬ ስሠራ ረዳት ነበረኝ፤ ውስጥ ገብቶ ዕቃ የሚያቀብለኝ እሱ ነበር። ብቻዬን ስሆን ግን አንድ ቀን ቆጠርኩት፤ ሦስት ቤት በሠራሁበት ቀን 34 ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ። ሠላሳ አራት ጊዜ መንበርከክና መነሳት፤ የሰሞነ ሕማማት ስግደት በሉት፣ ጽድቁ ብቻ የሌለበት።

በዚያው ዓመት ክረምት፣ ጃንዋሪ ላይ፣ የ50 ጋሎን የውሃ ማሞቂያ ልቀይር ሄድኩ። እንዲህ ያለው ማሞቂያ ባዶውን 150 ፓውንድ አካባቢ፣ ማለትም ወደ 70 ኪሎ ይመዝናል፤ ቁመቱም ከቫኑ ጣሪያ ስለሚበልጥ አስተኝቼ ነው የጫንኩት። በጉልበቴ ገብቼ፣ ወገቤን አጥፌ፣ ካርቶኑን ይዤ ወደ በሩ ስስበው ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ከዚያ በኋላ መንቀሳቀስ የለም። እግሬ በሩ ውጪ ተንጠልጥሎ፣ ጉንጬ የተጨማለቀው የወለል ምንጣፍ ላይ ተለጥፎ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ተኛሁ። ከአፍንጫዬ ፊት አንድ የጠፋብኝ የሦስት ሩብ ኢንች የመዳብ ክርን (የቧንቧ መታጠፊያ) ነበር፤ ለሁለት ወር ስፈልገው የነበረ። ደንበኛዬ፣ አንዲት አሮጊት፣ መዘግየቴ አሳስቧቸው ሻይ ይዘው ብቅ አሉና በዚያ ሁኔታ አገኙኝ።

ሦስት ሳምንት ሥራ አልሠራሁም። እናቴ በቪዲዮ ስትደውል ከወንበር ስነሳ አየችኝና «ልጄ፣ ጎበጥክብኝ እኮ! ምን ቢያሸክሙህ ነው?» አለች። «መኪናዬ አጭር ሆኖ ነው እማዬ» ብላት «ታዲያ ረጅሙን አትገዛም?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያጠናሁት ሁሉ ይህንኑ ነው የነገረኝ።

ያ ቫን ወገቤን ብቻ አይደለም የበላው። «የድርጅት መኪና ነበር፣ በሰዓቱ ዘይት የተቀየረለት» ተብዬ ነው የገዛሁት። እውነት ነው፣ ዘይቱ ተቀይሯል። ያልተነገረኝ፣ መኪናው ቀኑን ሙሉ ሞተሩ ሳይጠፋ መንገድ ዳር ቆሞ የሚውል እንደነበረ ነው። የሥራ ቫን ሲገዛ ማይል ብቻ ማየት ያታልላል። ብዙዎቹ ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት ይቆጥራሉ፤ የዳሽቦርዱን ማውጫ እየነካካችሁ ፈልጉት፣ ካላገኛችሁ መካኒክ በኮምፒውተር ያወጣላችኋል። ቆሞ የሠራ አንድ ሰዓት ከ25 እስከ 33 ማይል እንደመንዳት ይቆጠራል ይባላል። የእኔው ወደ 4,000 ሰዓት ቆሞ ሠርቷል፤ ስለዚህ የገዛሁት የ88,000 ማይል ሞተር ሳይሆን የ200,000 ገደማ ሞተር ነበር። በ2020 መጨረሻ ካምቢዮው ሲሄድ አላዘንኩም ማለት እችላለሁ።

ሁለተኛውን መፈለግ የጀመርኩት በ2021 ጸደይ ነው። በኮምፒውተር ቺፕ እጥረት ምክንያት አዲስ መኪና ጠፍቶ ያገለገለውም ዋጋው ሰማይ የነካበት ጊዜ ነበር፤ የከፋ ወቅት ነው። ግን አንድ ጥቅም ነበረው፤ የፈለግኩት ቶሎ ስለማይገኝ ሳልወድ በግድ ታገሥኩ፣ ለካሁ፣ ጠየቅኩ።

መለካቱን ከራሳችሁ ጀምሩ፣ ከመኪናው አይደለም። እኔ ባዶ እግሬን 1 ሜትር ከ96 ነኝ። የሥራ ቦት 3 ሳንቲ ይጨምራል። ቫኑ ወለል ላይ የሚነጠፈው ጣውላና ላስቲክ ሌላ አንድ ሳንቲ ተኩል ይወስዳል። ጣሪያው ሥር ሙቀት መከላከያና ሽፋን ከተደረገ ሁለት ሳንቲ ይሄዳል። ድምሩ 2 ሜትር ከ2 ሳንቲ ተኩል ነው። ከዚህ በታች የሆነ ጣሪያ፣ ማስታወቂያው የፈለገውን ይበል፣ ለእኔ ዝቅተኛ ጣሪያ ነው። ሻጮች «ሃይ ሩፍ» (ከፍተኛ ጣሪያ) ሲሏችሁ አትመኑ፤ የአንዱ ከፍተኛ የሌላው መካከለኛ ነው።

ሜትሬንና ቦቴን ይዤ ከግቢ ግቢ ዞርኩ። የራም ፕሮማስተር ከፍተኛ ጣሪያ ውስጡ 76 ኢንች፣ 1 ሜትር ከ93 ነው። ገብቼ ቀና ስል ግንባሬ ከጣሪያው አግዳሚ ብረት ጋር ተገናኘ። የኒሳን ኤንቪ ከፍተኛ ጣሪያ ከ77 ኢንች ጥቂት ያንሳል፤ እዚያም አንገቴን ማዘንበል ግድ ነው። በ2019 የተለወጠው የመርሴዲስ ስፕሪንተር ከፍተኛ ጣሪያ 79 ኢንች ገደማ፣ 2 ሜትር ነው፤ ፀጉሬ እየታከከ ይሆናል፣ ሽፋን ሲገባበት ግን አበቃ። የፎርድ ትራንዚት ሦስት ዓይነት ጣሪያ አለው። ዝቅተኛውን ተዉት። መካከለኛው 72 ኢንች፣ 1 ሜትር ከ83 ነው። ከፍተኛው 81 ኢንች ተኩል፣ 2 ሜትር ከ7 ነው። እዚያ ውስጥ ስቆም ያየሁትን ነገር አልረሳውም፤ ጣሪያውን ለመንካት እጄን ማንሳት ነበረብኝ። መኪና ውስጥ ቆሜ እጄን ወደ ላይ ሳነሳ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ከ2023 ሞዴል ጀምሮ ፕሮማስተርም ከዚህ የባሰ ከፍታ ያለው ጣሪያ በትልቁ ሞዴሉ ላይ አምጥቷል፤ እኔ ስገዛ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። ፋብሪካው የሚሰጠው ቁጥር በአብዛኛው በአግዳሚዎቹ ብረቶች መካከል ያለው ከፍታ ነው፤ ብረቶቹ ራሳቸው ዝቅ ብለው ይወርዳሉ፣ ጭንቅላት የሚያገኘውም እነሱን ነው። ሁለተኛ፣ የበሩ ከፍታ ከውስጡ ከፍታ ያንሳል፤ የጎኑ ተንሸራታች በር ደግሞ ከኋላው የባሰ ያንሳል። ውስጥ ቆማችሁ ብትሄዱም ስትወጡ ጎንበስ ማለቱ አይቀርም። ለዚህ ነው የበሩ ላይኛ ጠርዝ ላይ የቧንቧ ስፖንጅ ቀድጄ የለጠፍኩት። ባለቤቴ ስታየው ሳቀች፤ እኔ ግን ከለጠፍኩት ወዲህ ግንባሬ ላይ ቁስል የለም።

ለፕሮማስተር ፍትሕ ላድርግለት። የሚጎተተው በፊት ጎማ ስለሆነ ከወለሉ ሥር ካርዳን (ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) የለም፤ ስለዚህ ወለሉ ከመሬት 21 ኢንች ገደማ ብቻ ነው፣ ትራንዚት ግን ወደ 28 ይጠጋል። የሰባት ኢንች ልዩነት ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም፤ የውሃ ማሞቂያ በጋሪ እያወጣ ለሚያስገባ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ነው። ጎኖቹም ቀጥ ያሉ ስለሆኑ መደርደሪያ ደህና አድርጎ ይቀበላል። ቁመትህ ከ1 ሜትር ከ85 በታች ከሆነና ቧንቧ ሠራተኛ ከሆንክ፣ ዓይኔን ሳላሽ እሱን ግዛ እልሃለሁ።

አሁን ወደ ሹፌሩ ወንበር። ረጅም ሰው ሁለት ቦታ እንደሚያስፈልገው ብዙ ሰው አያስብም፤ ከኋላ የሚቆምበት፣ ከፊት የሚቀመጥበት። ከኋላው አዳራሽ የሆነ ቫን ከፊት ጓዳ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ስንመትረው ደግሞ፣ በዚህ በዋሽንግተን ትራፊክ፣ ወንበሩ ላይ የምናጠፋው ሰዓት ይበልጣል።

የኤንቪ ነገር እዚህ ጋ ያስቆጫል። ሞተሩ እንደ ፒክአፕ ከፊት ኮፈኖ ሥር ስለተቀመጠ እግር ማሳረፊያው ሰፊ ነው፤ እግሬን ዘርግቼ የነዳሁት ቫን እሱ ብቻ ነው። ኒሳን ግን በ2021 ማምረቱን አቆመ። የድሮዎቹ ቅርጾች፣ ሞተሩ ግማሹ ካቢኔ ውስጥ የገባባቸው፣ በተሳፋሪው በኩል ያለው ጉብታ የረዳታችሁን እግር ጠምዝዞ ያስቀምጠዋል። በፕሮማስተር ላይ መሪው እንደ አውቶቡስ የተጋደመ ነው፤ እኔ ባየኋቸው ሞዴሎች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሳባል እንጂ ከፍና ዝቅ አይልም። በትራንዚት ደግሞ የማርሹ እጀታ ያለበት የዳሽቦርዱ ሆድ ቀኝ ጉልበቴን ይነካዋል። ባትሪው ከሹፌሩ ወንበር ሥር ስለተቀመጠም «ወንበሩን ዝቅ አስደርጋለሁ» ብላችሁ እንዳትመኩ፤ ብዙም አይወርድም።

ስትሞክሩ አምስት ደቂቃ ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ንዱት። የሥራ ቦት ጫማችሁን አድርጋችሁ፣ የክረምት ጃኬታችሁን ለብሳችሁ፣ በኪሳችሁ ሜትርና ስልክ ይዛችሁ። መብራት ላይ ስትደርሱ ከመስመሩ ፊት የመጀመሪያው ሆናችሁ ቁሙ። የትራፊክ መብራቱን ለማየት አንገታችሁን ወደ መሪው ማጎንበስ ካለባችሁ፣ የመስተዋቱ ላይኛ ጠርዝ ለዓይናችሁ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። በቀን ስንት መብራት እንዳለ እናንተው ገምቱ። ከፍ ባለ ጣሪያ ቫኖች ላይ ከግንባር በላይ ያለው የዕቃ መደርደሪያም አለ፤ ስትገቡ አናታችሁን የሚጠብቃችሁ እሱ ነው።

ከሁሉ ግን እኔን ያስደነገጠኝ ፓርቲሽኑ ነው፤ በወንበሩና በዕቃ ቦታው መካከል የሚገባው የብረት ግድግዳ ማለቴ ነው። ትራንዚቱን ባዶውን ሞክሬ፣ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ገፍቼ፣ ደህና ነው ብዬ ገዛሁ። ከዚያ መደርደሪያና ፓርቲሽን የሚገጥም ቤት ወሰድኩት። ማታ ስረከበው ወንበሩ ወደ ኋላ አልሄድ አለ። ቀጥ ያለ ፓርቲሽን ነበር የገጠሙልኝ፤ ወንበሩ ሐዲዱን ሳይጨርስ ብረቱ ላይ ቆመ፣ መደገፊያውም አይጋደምም። እንደ ተማሪ ቀጥ ብዬ፣ ጉልበቴ መሪውን እየነካ፣ አርባ ደቂቃ ነድቼ ቤቴ ገባሁ። ሰውየው «ሁሉም ሰው የሚያስገጥመው ይህንን ነው» አለኝ። ሁሉም ሰው 1 ሜትር ከ96 አይደለም። ከወንበሩ ጀርባ ወደ ኋላ የተገፋ ሆድ ያለው ፓርቲሽን መኖሩን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ አስለወጥኩት፣ 600 ዶላር ተጨማሪ ከፈልኩ። እናንተ ገና ከመገጠሙ በፊት ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አድርጉና «እዚህ ጋ እንዲቆም ነው የምፈልገው» ብላችሁ ወለሉ ላይ በቴፕ ምልክት አድርጉ።

«ፓርቲሽኑን ተወው ታዲያ» ያለኝ ሰው ነበር። አይሆንም። ቤልትዌይ (ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና) ላይ ድንገት ፍሬን ይዤ፣ አንድ የመዳብ ቧንቧ ከመደርደሪያው ተመዞ በሁለቱ ወንበሮች መሃል አልፎ ዳሽቦርዱን ሲወጋው አይቻለሁ። የአሮጌው ቫን ጊዜ ነው። አንድ ጫማ ወደ ግራ ቢሆን ይህን አልጽፍም ነበር።

ስለ አስተማማኝነት ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «የቱ አይበላሽም?» ብሎ ነው። ሁሉም ይበላሻል። ጋራዥ ያላቸው አንድ ታላቅ ወዳጅ አሉኝ፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይገዛሉ?» አልኳቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «እኔ የምገዛው ሰኞ ቢሰበር ማክሰኞ ዕቃው ከጥግ ካለው ሱቅ የሚገኝለትን ነው» አሉኝ። አንድ መኪና ብቻ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር አልሰማሁም። ትልቅ ድርጅት አንዱ ቫን ቢቆም ሌላውን ያወጣል፤ የእኔ ቫን አንድ ሳምንት ቆመ ማለት አንድ ሳምንት እንጀራ የለም ማለት ነው።

ስፕሪንተርን የተውኩት በዚህ ምክንያት ነው እንጂ አያያዙ፣ ጸጥታው፣ የመሪው ቅለት ከሁሉም ይበልጣል። ናፍጣው ግን ረጅም መንገድ የሚወድ ሞተር ነው። የጭስ ማጣሪያው ውስጥ የሚጠራቀመው ጥቀርሻ እንዲቃጠል መጋል አለበት፤ እኔ ደግሞ ስድስት ማይል ነድቼ እቆማለሁ፣ አራት ማይል ነድቼ እቆማለሁ። ሲበላሽም የሚነካው ጋራዥ ጥቂት ነው። ከዚህ ፊላደልፊያና ኒውዮርክ የምትመላለሱ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ስለ ትራንዚት የጠየቅኳቸው ኤርፖርት ሻትል የሚነዱ የእኛ ልጆችን ነው፤ ከእነሱ የበለጠ ያንን መኪና የቀጠቀጠ የለም። ሁሉም አንድ ነገር አሉኝ፤ ቱርቦ የሌለውን ፈልግ። እስከ 2019 ሞዴል ድረስ የነበረው 3.7 ሊትር ቪ6 ቀላል ሞተር ነው። የዚሁ ሞተር ዘመዶች በፊት ጎማ በሚጎተቱ መኪኖች ላይ ሲገጠሙ የውሃ ፓምፑ ሞተሩ ውስጥ ተቀብሮ ብዙ ሰው ሲያስለቅስ፣ በትራንዚት ላይ ግን ፓምፑ ውጪ ነው፤ ቢያፈስ ታየዋለህ፣ በግማሽ ቀን ይቀየራል። የሚጠየቅበት ካርዳኑ ነው። ፎርድ በ2017 ከ2015 እስከ 2017 ያሉትን ትራንዚቶች በካርዳኑ ላስቲክ መጋጠሚያ ምክንያት ለጥገና ጠርቷል፤ ላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ መኪናው ይንቀጠቀጣል። የእኔ 2019 ቢሆንም ከመግዛቴ በፊት ሊፍት ላይ አሰቅዬ ላስቲኮቹን በባትሪ አይቻለሁ። ፕሮማስተር ለምትገዙት ደግሞ፣ 3.6ቱ ቪ6 ላይ የዘይት ማጣሪያው የተቀመጠበት የፕላስቲክ ቤት በሞተሩ ሁለት ጎኖች መካከል ባለው ሸለቆ ውስጥ ሆኖ ሊያፈስ ይችላል፤ ከላይ በባትሪ አብርታችሁ እርጥብ ነገር ካያችሁ ዋጋ አስቀንሱ። ምንም ዓይነት ብትገዙ ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበትን ባለ 17 ምልክት የሻንሲ ቁጥር የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገቡት፤ ያልተሠራ የጥገና ጥሪ ካለ በነፃ ያሳያችኋል፣ ጥገናውም በነፃ ነው።

የነዳጅ ፍጆታ ለማወዳደር የመስኮት ወረቀት ብትፈልጉ አታገኙም፤ ከ8,500 ፓውንድ በላይ የተመዘገቡ ቫኖች ላይ መንግሥት አይለካውም። የእኔው ሙሉ ጭነት ይዞ በጋሎን 14 ማይል፣ ሲቀለው 16 ይሄዳል።

በመጨረሻ በ2021 መስከረም መግቢያ ላይ 2019 ትራንዚት 250፣ ከፍተኛ ጣሪያ፣ በፊትና በኋላ ጎማው መካከል 148 ኢንች ርቀት ያለው፣ 58,000 ማይል የሄደ በ33,500 ዶላር ገዛሁ። ሞተሩ ቆሞ የሠራበት ሰዓት 600 ያህል ነው፣ አበባ ሲያደርስ የነበረ መኪና ስለሆነ ጭነትም አያውቅም። በጊዜው የሜሪላንድ የታይትል (የመኪና ባለቤትነት ማስመዝገቢያ) ግብር 6 በመቶ ስለነበር 2,010 ዶላር ሌላ ሄደ። ቨርጂኒያ ያላችሁ በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ላይ የሚከፈለውን የንብረት ግብር አትርሱ፤ ውድ ቫን እዚያ በየዓመቱ ይነክሳል። ርዝመቱ ዕቃ ቦታው ላይ ከ3 ሜትር ተኩል ያልፋል፤ 10 ጫማ ቧንቧ ከፓርቲሽኑ እስከ ኋላ በር ተኝቶ ይገባል፣ ጣሪያ ላይ መስቀል ቀረ። የጎማው ርቀት 130 ኢንች የሆነው አጭሩ ትራንዚትም ቧንቧውን ይውጠዋል፣ ግን ከሱ ጋር ሌላ የምትራመዱበት ቦታ አይተርፍም።

ቦታ ሲገኝ ሰው ይሞላዋል፤ ይህ የእኔ ድክመት ነው። በስድስት ወር ውስጥ «ለማንኛውም» ብዬ የጫንኩት ሁሉ ተቆልሎ፣ ባሌስትራው ወርዶ፣ ፍሬን ስይዝ መኪናው ይጎትተኝ ጀመር። የከባድ መኪኖች ማደያ ሄጄ ሚዛን ላይ አወጣሁት። የበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከነጭነቱ ከ9,000 ፓውንድ አይለፍ ይላል፤ የእኔ 9,240 ሆኖ ተገኘ። የብረቱን መደርደሪያ በአሉሚኒየም ለወጥኩ፣ በዓመት አንዴ የምነካውን ትልቁን የፍሳሽ መክፈቻ ማሽን ጋራዤ ውስጥ አስቀመጥኩ። ሚዛኑ ጥቂት ዶላር ነው የሚያስከፍለው፤ ዕቃችሁን አደላድላችሁ እንደጨረሳችሁ አንድ ጊዜ ውጡበት።

ከፍ ያለ ጣሪያ የሚያስከፍለውን ሳልነግራችሁ ብቀር ግን ዋሾ እሆናለሁ። ቫኔ ከመሬት እስከ አናቱ 9 ጫማ፣ 2 ሜትር ከ75 ገደማ ነው። ዲሲ ውስጥ ሕንፃ ሥር ያለ ጋራዥ ከ7 ጫማ በታች መሆኑ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ እኔ ጋራዥ የሚባል ነገር ረስቻለሁ። ደንበኛ ሲደውል የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ምን ተበላሸ?» ሳይሆን «መኪና የት ይቆማል?» ነው። የዛፍ ቅርንጫፍ ስፖኪዮዬንና ጣሪያዬን ይልሰዋል። መስኮት ላይ ቡና የሚሸጡበት መስመር ውስጥ አንዴ ገብቼ፣ ከኋላዬ ያሉትን አምስት መኪኖች ይቅርታ እየጠየቅኩ ወደ ኋላ ወጥቻለሁ። ነፋስ በሚበረታበት ቀን ቤይ ብሪጅ (የሜሪላንዱ ረጅም የባሕር ወሽመጥ ድልድይ) ላይ መኪናው እንደ ሸራ ይያዛል፤ ሁለት እጅ መሪው ላይ፣ ፍጥነት ቀንሶ መሄድ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የሰፈራችሁን የነዋሪዎች ማኅበር ደንብም አንብቡ፤ የንግድ ቫን ደጅ ላይ እንዳይድር የሚከለክል አለ፣ አንድ የማውቀው ልጅ በዚህ የተነሳ ቫኑን ሁለት ማይል ርቆ እያቆመ በብስክሌት ይመለሳል።

ሌላው የመንገዱ ጉዳይ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይና ክላራ ባርተን የሚባሉት መንገዶች የንግድ መኪና አይፈቅዱም፤ ስልካችሁ ግን ይህን አያውቅምና ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሜሪላንድ በአጭሩ ብሎ በዚያ ይልካችኋል። እኔን አስቁሞ ያስጠነቀቀኝ ፖሊስ ደግ ሰው ነበር። መጀመሪያ ቫኑን፣ ቀጥሎ ከውስጡ እየተዘረጋሁ ስወርድ እኔን አየና «ለካ መኪናው ይህን የሚያክለው ለዚህ ነው» ብሎ ሳቀ፤ ወረቀቱን ግን ጽፎ ሰጠኝ።

ጋራዥ ለማይገባበት ሕንፃ ሁለት ጎማ ያለው ታጣፊ ጋሪና ሁለት ትልልቅ ቦርሳ አዘጋጅቻለሁ። አንዱ ውስጥ የውሃ ቧንቧ ዕቃ፣ ሌላው ውስጥ የፍሳሽ። ቫኑን የንግድ መኪና ማራገፊያ ላይ ከፍዬ አቆማለሁ፣ ውስጡ ቆሜ የሚያስፈልገኝን ከመደርደሪያው እየመረጥኩ ቦርሳው ውስጥ እከታለሁ፣ በሩን ዘግቼ እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ገና የጀመረ ልጅ አብሮኝ ውሎ ነበር፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ቢሆን ነው። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን የፔክስ (የፕላስቲክ ቧንቧ) ጥቅል አቀብለኝ ብለው ቢንጠራራ ቢንጠራራ አልደርስ አለው። ለእሱ ብዬ አንዲት ትንሽ በርጩማ ገዝቻለሁ።